ለሥዕሉ የተጫረትኩበት በጋ

ጁን 28 ቀን 2015፣ እሑድ

በመላው ግሪክ ባንኮች ነገ አይከፈቱም። ከገንዘብ ማሽን በቀን ስልሳ ዩሮ ብቻ። በቴሌቪዥን ሲነገር ባቄላ እየለቀምኩ ነበር። ለቅሜ ጨረስኩ፣ ዘፈዘፍኩ፣ ከዚያ ተቀመጥኩ። የደነገጥኩ አይመስለኝም። የእኔ ገንዘብ ከፋሲካ ጀምሮ ትንሽ በትንሽ ከባንክ ወጥቷል። የት እንዳለ እዚህም አልጽፍም።

ጎረቤቴ ፎቲኒ በአጥሩ ላይ ተንጠራርታ ጮኸች። «እትዬ አስፓሲያ! ሰሙ?»

«ሰማሁ።»

«ምን ሊውጠን ነው?»

«ከተዋጥን ቆይተናል፤ ዛሬ ተነገረን እንጂ።»

ፎቲኒ የከተማው አስተዳደር ጎዳና ጠራጊ ናት። ድሮ በሴቶች ትምህርት ቤት የቤት አያያዝ ሳስተምር ተማሪዬ ነበረች። ስፌቷ ንጹሕ፣ ሒሳቧ ደካማ። አስተዳደሩ ከፋሲካ ወዲህ ደሞዟን አልከፈላትም። ትንሽ ለስለስ ብዬ ልመልስላት እችል ነበር።

ጁን 30

ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። የማሽኑ ሰልፍ ከባንኩ በር ተነሥቶ አደባባዩን ዞሮ ፏፏቴው ድረስ ደርሷል። ፏፏቴው እንደ ልማዱ ደረቅ ነው፤ ሰዎች ጠርዙ ላይ ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ። ለአንድ ነገር ጠቀመ።

ከሰልፉ ውስጥ አንዱ፣ እንድሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ባንኩን ያደረቁት እንዲህ ያሉት አሮጊቶች ናቸው፤ ፍራሻቸው ቢቀደድ አገር ይመግባል» አለ።

ዞር ብዬ አላየሁትም። ዳቦው ያልበሰለ ነበር፤ መለስኩት።

ጁላይ 2

ትራሲቮሎስ ዛሬ በድምፅ ማጉያ አደባባዩ ላይ ንግግር አደረገ። «ወገኖቼ፣ አትጨነቁ! አስተዳደራችሁ ከጎናችሁ ነው!» በመስኮት ሰማሁት። ከጎናችን መሆኑ ነው የጎዳን፤ ኪስ ያለው ከጎን ነው።

ትራሲቮሎስ የታናሽ እህቴ የፖሊክሴኒ ባል ነው። ዐሥራ ስድስት ዓመት ከንቲባ ሆኖ ምን እንዳደረገ ለማወቅ ከመስኮቴ ቆሞ ማየት ይበቃል። በሙዚቃ የሚጨፍር ፏፏቴ፤ ሁለት በጋ ጨፍሮ ዝም ያለ። ዕብነ በረድ የለበሰ የባህል አዳራሽ፤ ውስጡ የተሰበረ የትምህርት ቤት ወንበር የሚከማችበት። ውኃ ገብቶበት የማያውቅ የመዋኛ ገንዳ። ለገንዳው ጠባቂ ሁለት ሰው ተቀጥሯል።

ፏፏቴው ገና በወረቀት ላይ ሳለ በሕዝብ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ አንድ ጥያቄ ጠየቅሁት፦ «ማን ይከፍለዋል?»

«አውሮፓ!» አለ፤ ጭብጨባው አዳራሹን ሊያፈርሰው ደረሰ።

በምርቃቱ ቀን ሕዝቡ በተሰበሰበበት ማጉያውን ያዘና፣ «የሚስቴ እህት እትዬ አስፓሲያ ማን ይከፍላል ብላ ትጨነቃለች። አትፍረዱባት! አንድ እንቁላል ለሁለት ቀን የምትበላ ሴት ናት፤ ነጩን ዛሬ፣ አስኳሉን ነገ!» አለ። ከተማው በሙሉ ሳቀ። ያስተማርኳቸው ሴቶች ሳቁ።

ፖሊክሴኒ ሳቀች። አፏን በእጇ ሸፍናለች፤ ሆኖም ትከሻዋ ሲነቃነቅ አየሁ።

ቢያንስ ሁለት እንቁላል በቀን እበላለሁ። ይህ ለማንም የሚጻፍ ጉዳይ አይደለም፤ እውነቱ ግን ይህ ነው።

ጁላይ 5

አበዳሪዎቹ ስላቀረቡት ስምምነት በተጠራው ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ሰጠሁ። ምን እንደሰጠሁ የራሴ ጉዳይ ነው። አደባባዩ ላይ ጨፈሩ። ምን አግኝተው እንደሆነ የጠየቅሁት አልነገረኝም።

ጁላይ 12

ፖሊክሴኒ መጣች። ከደጃፏ የለቀመችውን በለስ በሳህን ይዛ። ሳህኑ የእናታችን ነው፤ ጠርዙ ተሸርፏል፤ ሰው በጥንቃቄ ቢይዘው አይሸረፍም ነበር። ይህን ነገርኳት።

«እትዬ፣ በለሱን ቅመሺው እንጂ» አለች።

ጣፋጭ ነበር።

«ትራሲቮሎስ እንቅልፍ አጥቷል» አለች። «መንግሥት የአስተዳደሩን ተቀማጭ ወደ አቴንስ ሰብስቦ ወሰደው። ደጃችን ላይ ሴቶች መጥተው ይሰድቡታል። ትናንት አንዷ ቆሻሻ ደፋችብን።»

«የቆሻሻ መኪናው ነዳጅ የለውማ። የት ትድፋው?»

የሳህኑን ጠርዝ በጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ፣ «አንቺ እኮ ስትናገሪ ሰው መልስ የለውም» አለች። ሙገሳ መስሎኝ ነበር፤ ከሄደች በኋላ ሳስበው አይመስለኝም።

በር ላይ ቆማ፣ «እትዬ፣ የዚያን ቀኑን ነገር እስካሁን ይዘሽዋል?» አለችኝ።

«የትኛውን ቀን?» አልኳት።

ይቅርታ ልትጠይቅ እንደነበር አሁን ይሰማኛል። የራሷ ጉዳይ ነው፤ የጀመረችውን መጨረስ ነበረባት።

ጁላይ 20

ባንኮች በሩን ከፈቱ፤ ገንዘቡን ግን አልከፈቱትም። በሳምንት አራት መቶ ሃያ ብቻ።

ፎቲኒ መጣች፤ እስከ ወር መጨረሻ ብድር ጠየቀች። ደሞዝ በሚከፈልሽ ጊዜ ምን አስቀመጥሽ አልኳት።

«ምን ላስቀምጥ፣ እትዬ? ደሞዜ ወር ሳይደርስ ያልቅ ነበር፤ አሁን ሳይጀምር አለቀ። እርስዎ ያስተማሩን ጨው ስንት ማንኪያ እንደሆነ ነው፤ ጨው መግዣውን አላስተማሩንም።»

ደፋር ናት። ስኳርና ዘይት ሰጠኋት፤ ገንዘብ አልሰጠሁም። ገንዘብ ብሰጣት ትራሲቮሎስን ረዳሁት ማለት ነው፤ የእሱን ዕዳ ከፈልኩለት። ይህን ደጋግሜ አሰብኩት፤ ስሕተት አላገኘሁበትም።

ስትወጣ ግን እንዲህ አለች፦ «ሰሙ? ከንቲባው ቡና ቤት ተቀምጦ ሲፎክር ነበር። አስተዳደሩ ካዝናው ባዶ ቢሆንም በበዓሏ ቀን የእመቤታችንን ሥዕል መሸከምን ዘንድሮም ማንም አይነጥቀኝም፣ ከራሴ ኪስ እጫረታለሁ አለ። ማን ይወዳደረዋል? በየዓመቱ ማን ተወዳድሮት ያውቃል?»

ከራሱ ኪስ።

ጁላይ 21

ከራሱ ኪስ!

ጁላይ 27

አባ ጌራሲሞስን ላናግር ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። አባ ሻማ መትከያው ዘንድ ጎንበስ ብለው የተቃጠለ ሰም ይፍቃሉ።

«አባ፣ በኦገስት ዐሥራ አምስት ሥዕሉን ለመሸከም ሴት መጫረት ትችላለች?»

ቀና አሉ። «ሥርዓቱ ሴት ወንድ አይልም። ያሸነፈ ራሱ ይሸከማል፤ ወይም የሚሸከምለትን ይመርጣል። ምነው፣ ስእለት አለብሽ?»

«አለብኝ።»

ውሸት አይደለም።

«ክፍያውስ?»

«ታውቂዋለሽ እኮ። ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ ይጫረታሉ፤ ማታ ሥዕሉ ለዑደት ከመውጣቱ በፊት ገንዘቡ ሰሃን ላይ ይቀመጣል። በፊቷ ቆሞ ቃል ሰጥቶ ያልከፈለ በዚህ ከተማ ቀና ብሎ አይሄድም። በአያቴ ዘመን የነበረ አንዱን አስታውሳለሁ፤ ልጆቹ እንኳ ስማቸውን ቀይረው ነው የተሰደዱት።» ከዚያ በትኩረት አዩኝ። «አስፓሲያ፣ ስእለቱ ለማን ነው?»

«ለእመቤታችን ነዋ።»

«ደግ» አሉና ወደ ሰማቸው ተመለሱ። የማያምኑኝ ይመስላሉ።

ኦገስት 3

ሙቀት። ጥላ ሥር እንኳ ድንጋዩ ይፋጃል። መስኮት ዘግቼ ዋልኩ፤ ብዙ አሰብኩ።

ሰዎች ስለ መንግሥት ሲያወሩ እንደ አየር ጠባይ ነው የሚያወሩት፤ ዘነበብን፣ በረደብን። መንግሥት ግን የሁላችንም ቤት ነው፤ ቤት ደግሞ የሚፈርሰው በአንድ ትልቅ ስሕተት አይደለም። አንድ ሰው ከቤቱ ሲወጣ መብራት ያጠፋል፤ ሒሳቡ በስሙ ይመጣልና። የአደባባዩ መብራት ቀን ሙሉ ሲበራ ይውላል፤ ሒሳቡ በማን ስም እንደሚመጣ የሚጠይቅ የለም። ሒሳብ ግን አድራሻ አይስትም። ይዘገያል እንጂ የእያንዳንዳችንን በር አንኳኩቶ ይመጣል፤ መጀመሪያ የሚያንኳኳውም የፎቲኒን ዓይነቱን በር ነው።

ለሴት ልጆች በመጀመሪያው ቀን የማስተምረው አንድ ነገር ነበር። እኔንም በዮአኒና ከተማ አዳሪ ትምህርት ቤት እንዲሁ ነው ያስተማሩኝ፤ ሳሙና እየቆረጡ በሚሰጡበት፣ ቁራጩን ያባከነች በክረምት በቀዝቃዛ ውኃ ብቻ የምትታጠብበት ቤት ነበር። ትምህርቱም ይህ ነው፦ ከመግዛታችሁ በፊት የሚከፍለውን ሰው ስም ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። ስሙን መናገር ካፈራችሁ አትግዙ።

ትራሲቮሎስ ይህን ትምህርት አልተማረም። እኔ አስተምረዋለሁ። አንድ ዋጋ ይጠራል፤ ከፍ አደርገዋለሁ። ይጨምራል፤ እጨምራለሁ። ጠባዩን አውቀዋለሁ፣ ሰው እያየው ወደ ኋላ መመለስ አይሆንለትም። ከዐቅሙ በላይ ሲደርስ እቀመጣለሁ። ካዝናው አቴንስ፣ ገንዘቡ ባንክ፣ ማታ ሰሃኑ ፊቱ። ከዚያ ሕዝቡ ይጠይቀው፦ ማን ይከፍለዋል?

ማን ይከፍለዋል? ትራሲቮሎስ። ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ትራሲቮሎስ ይከፍላል።

ሌላ ማንም አይከፍልም።

ኦገስት 10

ፖሊክሴኒ። ሳታንኳኳ ገባች።

«እትዬ፣ አታድርጊው።»

«ምኑን?»

«አባ ለትራሲቮሎስ አልነገሩትም፤ ለእኔ ነገሩኝ። እሱ ቢሰማ ይስቃል፤ እኔ ግን አውቅሻለሁ።»

«የሚያስፈራሽ ነገር ካለ ለባልሽ ንገሪው፤ አይጫረት። ማን አስገደደው?»

«ላይጫረት? እሱ? እባክሽ! ቤቱ እየተቃጠለ እንኳ ሰው ካየው እጁን እያውለበለበ ነው የሚወጣው።» ሳቅ መጣባት፤ ለአፍታ እንደ ልጅነታችን ነበረች። ከዚያ እንባዋ መጣ። «እሱን የምትመቺው እየመሰለሽ…» አለችና ተወችው።

«ጨርሺው።»

«ምን እጨርሳለሁ። ሁሌ የምትጨርሺው አንቺ ነሽ።»

ውኃ ቀዳሁላት፤ ሳትጠጣ ሄደች።

ለእሱ ስትል ነው የምትለምነኝ። ለእኔ ብላ አንድ ቀን ማንንም ለምና አታውቅም። ያን ቀንም «ተው» ማለት ትችል ነበር፤ አጠገቡ ነበረች።

ኦገስት 13

ጥቁር ልብሴን ተኮስኩ። አንገትጌውን ሁለት ጊዜ።

ኦገስት 14

ጾም። ጀርባዬን ያመኛል። ፎቲኒ በአጥሩ ላይ፣ «እትዬ፣ እውነት ነው የሚባለው? ሴቶቹ በሙሉ ፊት ለፊት ሊቆሙ ነው!» አለች። የነገራት ማን እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት እኔ ነኝ።

ኦገስት 15

ሁሉንም በቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ሞላ። ሥዕሉ በበሶብላ ቅጠል ተከቦ በመሸከሚያ ሳጥኑ ውስጥ በሩ ላይ ቆመ። ትራሲቮሎስ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ በየዓመቱ እንደሚያደርገው ፊት ቆመ። ፖሊክሴኒ ከኋላው ነበረች፤ ወደ እኔ አልተመለከተችም።

አባ፣ «ለእመቤታችን ስንት ይባላል?» አሉ።

«አምስት መቶ!» አለ ትራሲቮሎስ፤ እጁንም ወደ ሥዕሉ ዘረጋ። የእሱ መሆኑን እንኳ አልተጠራጠረም።

«ሰባት መቶ» አልኩ።

 ትራሲቮሎስ ዞሮ አየኝና ሳቀ። «እትዬ አስፓሲያ! እንቁላሉ ተጠራቀመ ማለት ነው?» ጥቂቶች ሳቁ። ከድሮው ያነሱ ነበሩ። «አንድ ሺህ!»

«አንድ ሺህ አምስት መቶ።»

«ሁለት!»

«ሁለት ሺህ አምስት መቶ።»

ከኋላ ሴቶቹ ማንሾካሾክ ጀመሩ። አንዷ፣ «በርቱ፣ እትዬ!» አለች። ትራሲቮሎስ ፊቱ ቀላ፤ ላቡን በመሐረብ ጠረገ። ፖሊክሴኒ እጅጌውን ይዛ የሆነ ነገር ነገረችው፤ እጇን አራገፈው።

«ሦስት ሺህ!»

«ሦስት ሺህ አምስት መቶ» አልኩ።  እዚህ ላይ አንድ ነገር መጻፍ አለብኝ፦ ዝም ቢል ኖሮ እከፍለው ነበር። ገንዘቡ ነበረኝ። አደጋ ላይ የነበርኩት እኔ ነበርኩ፤ እሱ ማቆም ይችል ነበር።

«አራት ሺህ!» ብሎ ጮኸ።

ፖሊክሴኒ አየችኝ። አንገቷን አልነቀነቀችም። ብቻ አየችኝ። የምትጠብቀው ምን እንደነበር አልገባኝም። ወይም ገብቶኛል።

ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ።

«እንኳን ደስ ያለህ፣ ከንቲባ» አልኩት፤ ሁሉም እንዲሰማ።

መጀመሪያ የሳቀችው ፎቲኒ ናት። ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ግቢው ሁሉ። ትራሲቮሎስ አባን ጠጋ ብሎ እስከ ሴፕቴምበር እንዲታገሱት ጠየቀ፤ ባንኩ እኮ ነው፣ ያውቁታል ሲል ሰማሁት። ሴቶቹም ሰሙ።

«ባንክ ተዘጋ ይለናል!» አለች ፎቲኒ። «የእኛስ ደሞዝ? እመቤታችንንም በዱቤ ሊሸከማት ነው!»

አባ ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ። ማታ ሰሃኑ ላይ።

ያን ሰዓት ደስ ብሎኛል። አልዋሽም። ከዚህ በላይ ደስ ያለኝ ጊዜ አላስታውስም፤ ወደ ቤት ስመለስ እግሬ መሬት አልነካም።

ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። ፖሊክሴኒ ነበረች። ለብድር እንደመጣች እርግጠኛ ነበርኩ፤ የምመልስላትን ዐረፍተ ነገር ለብዙ ቀን አዘጋጅቻለሁ። «ዐቅም ያለው ይሸከም፤ ዐቅም የሌለው ያውርድ» የሚል ነበር። አልተናገርኩትም፤ ብድር አልጠየቀችኝማ።

መሐረብ ፈትታ የእናታችንን የወርቅ አምባሮች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ፖሊክሴኒ ስታገባ እናታችን የሰጠቻት ናቸው። እንደ እኔ ላላገባች አይሰጥም ነበር።

«ባንክ ያለንን በየሳምንቱ ቆንጥሮ ነው የሚሰጠን» አለች። «በከተማው ጥሬ ገንዘብ ያለሽ አንቺ ብቻ ነሽ። ካንቺ አልበደርም። ግዢኝ።»

«ትራሲቮሎስ ያውቃል?»

«ወርቁ የእኔ ነው።»

የወጥ ቤቱን ሚዛን አመጣሁ። የወርቁን ዋጋ በሬዲዮ በየቀኑ እሰማለሁ። መዘንኩ፣ አሰላሁ፣ አንድ ሳንቲም አልበደልኳትም፤ ይህን ማንም ሊመሰክር ይችላል። ከአራት ሺሁ ጎደለ።

«ይጎድላል» አልኳት።

ጆሮዋን ነካች። ጉትቻዎቹን አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን አውልቃ ሚዛኑ ላይ ጣለች።

«አሁንስ?»

«አሁን ሞላ።»

ስቆጥርላት ቆማ ነበር። ወንበር አቅርቤላት ነበር፤ አልተቀመጠችም። ገንዘቡን በመሐረቡ ቋጥራ ወጣች። ጉትቻውን ልተውላት እችል ነበር። ስሌት ግን ስሌት ነው፤ ያን ያህል ዓመት ያስተማርኩት ይኸው ነው።

ማታ ሥዕሉ በጎዳናው አለፈ። ትራሲቮሎስ ተሸክሞታል፤ ነጭ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ሰዎች አጨበጨቡለት። ቃሉን ጠበቀ፣ ከራሱ ኪስ ከፈለ ተባለ። በመስኮቴ ሥር እንዲህ ሲሉ ሰማሁ፤ «ይቅርታ ይደረግለት፤ ወንድ ነው።»

ፖሊክሴኒ ከኋላው በሚሄዱት ሴቶች መካከል አልነበረችም።

ኦገስት 16

አምባሮቹ እጄን አያልፉም፤ መገጣጠሚያዬ አብጧል። በሳሙና ሞከርኩ። ላደርጋቸው አይደለም፤ ልኬቱን ለማወቅ ብቻ።

ከፏፏቴው ጀርባ ያለው ቆሻሻ ዛሬም አልተነሣም። ፎቲኒ ሰላም ስትለኝ እንደ ጀግና ነው፤ ደሞዟ ግን አልመጣም። አራት ሺሁ ለቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ነው። እሱ አንድ ሳንቲም አልከፈለም። ቡና ቤት ተቀምጦ፣ «እትዬ አስፓሲያን አሸነፍኳት!» ይላል አሉ።

ኦገስት 18

ወደ ፖሊክሴኒ ቤት ሄድኩ። ለመመለስ አይደለም። በአንዱ አምባር ውስጠኛ በኩል አሮጌ ብየዳ አየሁ፤ ብየዳ ወርቅ አይደለም፣ ስለዚህ ክብደቱ በእኔ ጥፋት ተዛብቶ ይሆናል ብዬ ደግማ እንድታየው ነው። ጉትቻዎቹንም ይዤ ነበር፤ በራሴ መሐረብ አብሬ ስለቋጠርኳቸው።

ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ አረፍኩ። በረንዳ ላይ ልብስ ታሰጣለች። ጆሮዋ ባዶ ነው።

«ፖሊክሴኒ» አልኳት ከታች።

አየችኝ። የያዘችውን አንሶላ ገመዱ ላይ በእርጋታ አነጠፈች፣ መቆንጠጫውን ሰካች።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ወይዘሮ አስፓሲያ» አለች። «የጎደለ ነገር አለ?»

«የለም። ብየዳ…»

«ሒሳባችን ተዘግቷል። ደረሰኝ ልጻፍልዎት?»

አያስፈልግም አልኳት። ሌላ አንሶላ አነሣች፤ ሲነጠፍ ፊቷን ከለለው። እዚያው ታች መሐረቡን ከፍቼ ያለው ሁሉ መኖሩን አረጋገጥኩ፣ ተመለስኩ።